እስቲ እሱ ይምጣ

ጉሙ ከጦሳ ላይ ወርዶ ሱቄ ገባ፤
ዙበይዳም ከኋላው፣ ወፍራም ፎጣ ደርባ፣
ኮምፒውተሯን ታቅፋ እንደ ታመመ ልጅ።
«ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ሲዲ አላይም አለ እንጅ።
የሐይቁ ሠርግ አለብኝ፤ ለሙሽራዋ እናት
አሥራ ሁለት ቅጂ፣ ለጁምዓ ቃል ሰጥቻት።»

ሰካሁት። ፊት ለፊቱ መብራቱ ይበራል፤
ቁልፉን ስጫነው ምላሱን ያወጣል፤
ዲስኩን ይውጥና ይሾራል፣ ያጉረመርማል።
ኮምፒውተሩ ግን፦
«እንዲህ የሚባል ሰው በዚህ ሰፈር የለም።»

እኔም እንደ ችኩል ዳኛ፣ ምስክር ሳልሰማ ፈረድኩ፤
ካቻቢቴ አነሳሁ፣ ሆዱን ዘረገፍኩ፤
ሌንሱን በጥጥ፣ በአልኮል አበስኩ፤
ኬብሉን ነቅዬ በሌላ ተካሁ፣ ደግሞም መለስኩ፤
«አርጅቷል» አልኩና ሲዲ ሮሙን ጣልኩ።
ተለማማጄ ሙሃባው፣ አንገቱን አስግጎ፣
ከመሬት አነሳው፣ ሞተሩን ፈልጎ።

አዲስ ገዛሁ ከአራዳ፣ በራሴው ኪሣራ፤
ምላሱን አወጣ፤ መብራቱም በራ፤
ያንኑ ቃል ሰማሁ፦
«የለም።»

በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ።

ስንጠብቅ በጨለማ፣ ዝምታው ሲከብድ፣
«አንድ ነገር አለ» አለች፣ ድምጿ ሲበርድ፤
«የወንድሜ ልጅ ነው በፍላሽ ያመጣው፣
ዲስክ በአንዴ ያባዛል፣ ተኣምር ነው ያለው፤
ጫነልኝ ሶፍትዌሩን፣ ባለፈው እሑድ ማታ፤
ሰኞ አጠፋሁት፣ አላምር ሲለኝ ሁኔታው።»

አጠፋሁት!

ሣቄ መጣ፣ ብቻዬን፣ በጨለማ።
ሰኞ ገበያ ትዝ አለኝ፣ አባቴ ወይፈን ሲሸጥ፣
መሐል የቆመው ደላላ፣ ባርኔጣው ወደ ግንባሩ ያዘነበለ።
ገዢው ለሱ ይነግራል፤ ሻጩም ለሱ።
ምሳ ሊበላ ሄዶ የቀረ ዕለት
አባቴና ገዢው ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመው፣
ወይፈኑ በመሐላቸው ጭራውን እያወዛወዘ፣
ይተያያሉ እንጂ አይነጋገሩም።
«እስቲ እሱ ይምጣ» ይላሉ።

ሶፍትዌሩም እንዲያ ነው። ሲገባ
በኮምፒውተሩና በሲዲ ሮሙ መሐል ቆመ፤
ሲባረር ዕቃውን ይዞ ወጣ፣
ስሙን ግን ከመዝገብ ሳያስፍቅ።
ኮምፒውተሩም «እስቲ እሱ ይምጣ» እያለ
ሦስት ቀን ሙሉ የሄደ ሰው ጠበቀ።
እኔ ደግሞ ወይፈኑን አረድኩ።

መብራት መጣ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን።
ቢጫ ምልክት አለ፣ ከሥሩም ቁጥር፦ ሠላሳ ዘጠኝ።
ጠዋት አይቼው ነበር፤ አላነበብኩትም።
መዝገቡን ከፍቼ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣
እንደ ሐረጎ ቁልቁለት፣ ጥምዝ በጥምዝ፣
ፍሬኔን በእግሬ ይዤ፤
አንዲት ጥፊት የተሳሳተ መስመር ላይ ብታርፍ
ኮምፒውተሩ ዳግም አይነሳም።
ታች ደረስኩ። ሁለት መስመር፦
የላይ ማጣሪያ፣ የታች ማጣሪያ፤
በሁለቱም ላይ የዚያ የደላላ ስም።
መጀመሪያ የመዝገቡን ቅጂ አስቀመጥኩ
(የጠዋቱ ችኮላዬ በቂ ነው)።
ሁለቱን ፋቅኩ።
አጥፍቼ አበራሁ።

«አለ።»

ዙበይዳ ዲስኩን አስገባች፤
ሙሽራዋ ብቅ አለች፣ ከኋላዋ ሐይቁ።
«ምን አድርገህ ነው?»
«ስም ፋቅኩ።»
«ለሁለት መስመር ይህን ያህል?» ብላ ተከራከረች፤
ተስማማን። የአዲሱን ሲዲ ሮም ዋጋ አልነገርኳትም፤
በሱቁ ደብተር፣ በራሴ ስም ሥር ጻፍኩት።
ያኛው አሮጌው አንዳችም ጥፋት አልነበረበትም።

ልመልሰው ብዬ ዞር ስል
ሙሃባው ከሃይላንድ ጠርሙስ ክንፍ ቆርጦ
ለሞተሩ ገጥሞለታል፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ።
ይሾራል፣ ያጉረመርማል፣ በዚያው ድምፁ፤
ማራገቢያ ሆኗል፣ በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጉም፣
አፍንጫችን ቀልቶ ሳለ ሊያቀዘቅዘን።

«ለማን ነው ይሄ?»
«ኮምቦልቻ፣ ለአክስቴ» አለ ልጁ፣ ቀና ሳይል።
«እዚያ ሙቀት ነው።»